በሁለት ሩጫ መሃል

ዛሬም ረዥም ነው የጻፍኩት። መሪ የጨበጣችሁ ቆማችሁ አንብቡት፤ ቤት ያላችሁ ቡናችሁን ያዙ። ዓመቶቹ «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጨዋታው የተነሳው እንደተለመደው ዴንቨር ኤርፖርት፣ ታክሲ መጠበቂያው ላይ ነው። ሜይ 3 ቀን 2025፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ። አምስት ስድስት ሆነን አንድ ስልክ ላይ ተደፍተን ኬንታኪ ደርቢን እናያለን። እዚያ ዝናብ ጥሎ ሜዳው ጭቃ ሆኗል። ሶቭረንቲ የሚባል ፈረስ፣ ብዙ ሰው ገንዘቡን ያስያዘበትን ጆርናሊዝምን ቀድሞ ገባ። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን የሶቭረንቲ ሰዎች «ሁለተኛው ውድድር ላይ አናስሮጠውም፣ ይረፍ» አሉ። ያን ጊዜ መጠበቂያው በክርክር ተናወጠ። ከመሃላችን ፈረስ ላይ ተቀምጦ ያደገ አንድ የአገው ምድር ልጅ አለ። እሱማ ጭራሽ ተናደደ። «ይሄ ፈርቶ ነው እንጂ ሌላ አይደለም! አሸንፎ የሚደበቅ የት አገር ታይቶ ያውቃል?» አለና ወደ እኔ ዞሮ፣ «ኢንጂነር፣ አንተስ ምን ትላለህ?» ሲለኝ ተራዬ ደርሶ ነበር። «ሥራ መጣ» ብዬ ጥያቄውን ሳልመልስ ሄድኩ። ይኸው ከዚያ ወዲህ ደንበኛ ስጠብቅ የፈረስ ታሪክ ሳነብ ከረምኩ። መልሱን አሁን ልስጠው።

መጀመሪያ ላልለመዳችሁት። ቶሮብሬድ የሚባለው የሩጫ ፈረስ ሦስት ዓመት ሲሞላው በአሜሪካ ሦስት ትልልቅ ውድድሮች ይጠብቁታል። ደርቢ በኬንታኪ፣ 2 ኪሎ ሜትር ያህል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ፕሪክነስ በሜሪላንድ፣ ትንሽ ያጠረ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ደግሞ ቤልሞንት በኒውዮርክ፣ 2.4 ኪሎ ሜትር ያህል። ሦስቱንም ያሸነፈ ትሪፕል ክራውን ወሰደ ይባላል፤ ሦስቱን ዘውድ ጫነ እንደማለት። ፈረሱ ሦስት ዓመት የሚሞላው አንዴ ብቻ ስለሆነ ዕድሉም አንዴ ብቻ ነው። እስከ ዛሬ የቻሉት 13 ፈረሶች ናቸው። ከመጀመሪያው ሩጫ እስከ መጨረሻው ያለው ጊዜ 35 ቀን ነው። ሕዝቡ ከነዚያ 35 ቀናት የሚያየው ሰባት ደቂቃ የማይሞላ ሩጫ ነው። የቀረውን ማንም አያይም። እኔ የምለው ሁሉም ነገር የሚወሰነው እዚያ ባልታየው ውስጥ ነው።

የመጀመሪያው ባለ ሦስት ዘውድ ሰር ባርተን ይባላል፤ በ1919 ነው። ደርቢ ሲገባ በሕይወቱ አንድም ውድድር አሸንፎ አያውቅም ነበር። ጌታው ያስገባው ቢሊ ኬሊ ለሚባለው ሌላ ፈረሱ አጋዥ እንዲሆን፣ ከፊት ሮጦ ተፎካካሪዎቹን እንዲያደክምለት ነው። አጋዡ ግን ወጣ፣ ሄደ፣ ማንም ሳይደርስበት ገባ። ሜይ 10 ቀን ነበር። ከዚያ በባቡር ጭነው ወደ ባልቲሞር ወሰዱትና ሜይ 14 ቀን ፕሪክነስን አሸነፈ። አራት ቀን! ዛሬ ሁለት ሳምንት አነሰን ይላሉ። በዚያው ወር ዊዘርስ የሚባለውን ውድድር ጨምሮ ጁን 11 ቀን ቤልሞንትን ወሰደ። አራት ትልልቅ ድሎች በ32 ቀን። ያን ጊዜ «ትሪፕል ክራውን» የሚለው ስም ራሱ ገና አልተለመደም፤ ስለዚህ ምን እንደሠራ እንኳ በወጉ የነገረው አልነበረም።

ሳይቴሽን በ1948 ከፕሪክነስ በኋላ እንደ መዝናኛ ኒው ጀርሲ ሄዶ አንድ ሌላ ውድድር አሸንፎ ነው ቤልሞንት የገባው። በዚያ ዓመት 20 ጊዜ ሮጦ 19 አሸነፈ። እዚህ ላይ የአገው ምድሩ ወዳጄ «አላልኩም!» እንደሚል አውቃለሁ። ቆይ፣ አትቸኩል። ሳይቴሽን በቀጣዩ ዓመት 1949ን ሙሉ በጉዳት ምክንያት አንድም ቀን አልሮጠም። ከሱ በፊት ካውንት ፍሊት በ1943 እንዲሁ በመሃል ሌላ ውድድር ጨምሮ፣ ቤልሞንትን በ25 የፈረስ ርዝመት ካሸነፈ በኋላ ተጎድቶ ዳግመኛ ሜዳ አልረገጠም። በ2018 ጀስቲፋይ ከመጀመሪያ ሩጫው እስከ ሦስተኛው ዘውድ 111 ቀን ብቻ ፈጀበት። እሱም ከዚያ በኋላ አልሮጠም። ሰው የዘውዱን ፎቶ ያያል፤ የቁርጭምጭሚቱን እብጠት የሚያየው የጋጣው ሠራተኛ ነው።

ሴክሬታሪያትን ሳልጠቅስ ባልፍ ፈረንጆቹ ይታዘቡኛል። በ1973 ቤልሞንትን በ31 የፈረስ ርዝመት ያሸነፈው እሱ ነው። እኔን የገረመኝ ግን ከደርቢው ሁለት ሳምንት በፊት የሆነው ነው። ዉድ ሜሞሪያል በሚባል ውድድር ሦስተኛ ወጣ። «አለቀለት፣ ረዥም ሩጫ አይችልም» ተባለ። ለካስ ከላይኛው ከንፈሩ ስር እባጭ ነበረበትና ልጓሙ ሲነካው ያመው ነበር። እባጩ ፈነዳ፣ ዳነ፣ ደርቢውን ከ2 ደቂቃ በታች ገባ። ከፕሪክነስ ወደ ቤልሞንት ባሉት ሦስት ሳምንታትም አሰልጣኙ ሉሲየን ሎሪን ዝም ብሎ አላስተኛውም፤ በልምምድ በኃይል አስሮጠው። ይሄን ልብ በሉልኝ። እረፍት ማለት መተኛት ብቻ አይደለም። ምን ያህል እንደሚበቃ ማወቅ ነው፤ ያ ደግሞ ከፈረስ ፈረስ ይለያያል። ተቀናቃኙ ሻም ምስኪን ነው። ደርቢ ላይ መነሻው በር ላይ ተጋጭቶ ጥርሱ ተጎዳ፣ ደም በአፉ ይዞ ሁለተኛ ወጣ። ፕሪክነስም ሁለተኛ። ቤልሞንት ላይ ከአምስት ፈረስ አምስተኛ ሆነ፤ የመጨረሻ ሩጫውም ያው ሆነ። ሌላ ዓመት ቢወለድ ስሙን የምናውቀው ፈረስ ነበር።

አሁን ለእኛ ለሾፌሮቹ የሚሆነውን ታሪክ ላውራላችሁ። በ2009 ነው። ማይን ዛት በርድ የሚባል ትንሽ የተኮላሸ ፈረስ ነበር። ሕፃን ሳለ በ9,500 ዶላር የተሸጠ፣ ማለትም ከአንዳንዶቻችን ካምሪ ያነሰ። በኋላ ካናዳ ውስጥ ስላሸነፈ የኒው ሜክሲኮ ሰዎች በ400,000 ዶላር ገዙት። አሰልጣኙ ቺፕ ዉሊ ባለ ባርኔጣ ካውቦይ ነው። ከሞተር ሳይክል ወድቆ እግሩ ተሰብሮ በክራንች ይሄዳል። ሌሎቹ ፈረሳቸውን በአውሮፕላን ሲያመጡ እሱ ፈረሱን ተጎታች ላይ ጭኖ፣ ፒካፑን ራሱ እየነዳ፣ ከኒው ሜክሲኮ እስከ ኬንታኪ ከ20 ሰዓት በላይ ተጓዘ። እግሩ ተሰብሮ! ካርታውን አይቼዋለሁ፤ እኔ በጤናዬም አላደርገውም።

ደርቢው ላይ 50 ለ 1 ነበር የሚከፈልበት። ሲነሱ መጨረሻ ነበር፤ ቴሌቪዥኑ ራሱ ረስቶታል። ጋላቢው ካልቪን ቦሬል አጥሩን ተጠግቶ፣ በውስጥ በኩል፣ በቀጭን ክፍተት ሾልኮ ወጣና በስድስት ተኩል ርዝመት ከዚያም በላይ አሸነፈ። ጠሪው እንኳ ስሙን ለመጥራት ተቸገረ። በሁለት ዶላር ቲኬት 103 ዶላር ከ20 ሳንቲም ተከፈለ።

ከዚያ በመሃል ያለው ጊዜ መጣ። ቦሬል ከደርቢው አንድ ቀን በፊት ሬቸል አሌክሳንድራ የምትባል ባዝራ ላይ ተቀምጦ በ20 ርዝመት አሸንፎ ነበር። ሁለቱም ፕሪክነስ እንደሚሮጡ ሲታወቅ ጋላቢው መምረጥ ነበረበት። ደርቢ ያሸነፈለትን ፈረስ ትቶ እሷን መረጠ። በቡና ቤት ብናወራው «ከዳተኛ» እንለው ነበር። ግን ልክ ነበር፤ ሬቸል አሸነፈች፣ ከ1924 ወዲህ ፕሪክነስን የወሰደች የመጀመሪያዋ ባዝራ ሆነች። ማይን ዛት በርድ በአንድ ርዝመት ተቀድሞ ሁለተኛ። ቤልሞንት ላይ ቦሬል ተመልሶ ተቀመጠበት፤ ሦስተኛ ወጣ። ከዚያ በኋላ ያ ፈረስ አንድም ውድድር አላሸነፈም። ያቺ ሁለት ደቂቃ ከየት እንደመጣች እስካሁን ይከራከራሉ።

እንግዲህ የኢንጂነሩ ተራ ነው፤ ታገሱኝ። አገር ቤት ሳለሁ ብረት ላይ የማሰላው አንድ ነገር ነበር፤ «ድካም» እንለዋለን። ብረት አንዴ ከባድ ጭነት ስለተጫነበት ሳይሆን መካከለኛ ጭነት ሺህ ጊዜ ስለተመላለሰበት ይሰበራል። ስንጥቁ መጀመሪያ ለዓይን አይታይም። ፈረስም እንዲሁ ነው። 500 ኪሎ የሚመዝን እንስሳ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ አንዱ የፊት እግር ለቅጽበት የክብደቱን ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ይሸከማል። ከአንድ ቶን በላይ፣ በእኔ ክንድ ውፍረት ባለ አጥንት ላይ! ደርቢን ሲጨርስ ይሄ ወደ 300 ጊዜ ተደጋግሟል።

ልዩነቱ አጥንት ከብረት ይሻላል፤ ራሱን ይጠግናል። ግን አጠጋገኑ አደገኛ ነው። ሰውነት የተሰነጠቀውን ቦታ መጀመሪያ ፍቆ ያወጣዋል፣ ከዚያ ነው አዲስ የሚሞላው። መፋቁ ሳምንታት ይፈጃል፣ መሙላቱ ወራት። ስለዚህ ጉድጓዱ ተቆፍሮ ገና ያልተሞላበት ጊዜ አለ። ኮልፋክስ ላይ ጉድጓድ ቆፍረው ቀይ ጣሳ አቁመው የሚሄዱትን አስቡት። ጣሳው ግን የለም። ያን ጊዜ የሮጠ ፈረስ ከመጀመሪያው ይልቅ ደካማ እግር ይዞ ነው የሚሮጠው። ጡንቻውም ቢሆን ያቃጠለውን ስኳር ለመተካት እስከ ሦስት ቀን ይፈልጋል፤ ከሰው ይዘገያል። ሰር ባርተን በአራተኛው ቀን ሲሮጥ ጡንቻው ገና መሙላቱ ነበር ማለት ነው። አጥንቱን እግዜር ያውቃል።

የሞቱን ነገር አልደብቅም። በ2023 ጸደይ ደርቢው በሚደረግበት ቸርችል ዳውንስ ሜዳ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 12 ፈረሶች ሞተው ውድድሩ ለጊዜው ወደ ሌላ ሜዳ ተዛወረ። በጠቅላላው አገሪቱ ላይ ግን ነገሩ ተሻሽሏል። በ2009 ከ1,000 ተሳትፎ 2 ፈረስ ይሞት ነበር፤ በ2022 ወደ 1.25 ወርዷል። በዚያው ዓመት አንድ አገር አቀፍ የደኅንነት ሕግ ሥራ ላይ ዋለ። 1.25 የሚለውን ቁጥር ስታዩ ግን ሩቡም ፈረስ መሆኑን አትርሱ።

ወደ እኛ ሰፈር ልመለስ። ኮሎራዶ በ1948 በሕዝብ ድምፅ የፈረስ ቁማር ፈቀደች። ሴንቴኒያል የሚባለው ሜዳ በሊትልተን ከ1950 እስከ 1983 ቆየ። ቀጥሎ አራፓሆ ፓርክ በ1984 እዚሁ አውሮራ ተከፈተ፤ ብዙም ሳይቆይ ተዘግቶ በ1992 እንደገና ተከፈተ። ከኢ-470 በስተምሥራቅ፣ ኩዊንሲ ላይ ነው። ሀቫና ላይ ክትፎ ከምንበላበት ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። በበጋ ሰው አድርሼ አጥሩ ላይ ተደግፌ አይቻለሁ። እዚያ የሚመጡት ሶቭረንቲዎች አይደሉም። ከአሪዞና፣ ከኒው ሜክሲኮ በተጎታች እየተጫኑ ከሜዳ ሜዳ የሚዞሩ ናቸው።

በየአገሩ ባሉ ትናንሽ ሜዳዎች አንድ ዓይነት ውድድር አለ፤ ፈረሱ ዋጋ ተለጥፎበት ነው የሚሮጠው። ለምሳሌ 5,000 ዶላር። ፈቃድ ያለው ማንም ሰው ከሩጫው በፊት ገንዘቡን አስይዞ ይገዛዋል። ፈረሱ ሲነሳ የአንዱ፣ ሲጨርስ የሌላው ነው። ጠዋት ያበላው ሰውዬ ማታ ሌላ ሰው ሆነ ማለት ነው። እንዲህ እጅ የሚቀያይር ፈረስ እግሩ መቼ እንዳመመው ማን ያስታውስለታል? መኖው በየቀኑ ይበላል፣ የጋጣ ኪራይ በየቀኑ ይቆጠራል፤ የሚከፈለው ደግሞ ሲሮጥ ብቻ። ይሄን ስጽፍ ፈረሱን ብቻ እያሰብኩ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። መኪናው ቆመም ሄደም ኢንሹራንሱ ይቆጥራል።

ሶቭረንቲ ያረፈው ጎዶልፊን የሚባለው የዱባይ ገዢ ግዙፍ ጋጣ ንብረት ስለሆነ ነው። ዘሩ ብቻ ሚሊዮኖች ያወጣል። እረፍት ዋጋ አለው፤ ዋጋውን የሚችልም አለ፣ የማይችልም አለ። «ፈርቶ ነው» ያልከኝ ወዳጄ፣ እኔ «ኖሮት ነው» እልሃለሁ።

ደግሞ ይሄ የፈረንጅ ብልሃት አይደለም። ተረታችን «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላል። ታሪኩን ስታዩት ግን የሚያደርሰው በቅሎ ነበር። የድሮ መኳንንት መንገዱን ሁሉ በበቅሎ ይሄዳሉ፤ የጦር ፈረሱ ሰው ሳይቀመጥበት፣ በአሽከር እየተሳበ ከጎን ይከተላል። ፈረሱ ላይ የሚወጡት ለውጊያው ቀን ነው። በስማቸው ፈንታ የሚጠሩት በፈረሱ ስም ነው፤ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ባልቻ አባ ነፍሶ። አባ በቅሎ የተባለ ጀግና ግን አልሰማሁም። ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ዓድዋ የተዋጋው የካቲት 23 ነው። ከአራት ወር በላይ መንገድ። ፈረሱ እየተጋለበ ቢሄድ ኖሮ የካቲት 23 ቀን ምን ሊተርፍለት ነበር? በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «አጎቴ ፈረስ ነው» አለች ብለን እንስቅባታለን፤ ያን ሁሉ ተራራ የወጣችው ግን እሷ ናት። የወዳጄ አገር ሰዎች ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ በሺህ የሚቆጠር ፈረስ አሰልፈው የዓድዋን ፈረሶች ያስባሉ። ለበቅሎዋ የወጣ ሰልፍ የለም።

ከሰውም ምሳሌ ከፈለጋችሁ አበበ ቢቂላ አለ። በ1964 ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካወጣ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው ቶኪዮ ላይ ማራቶኑን በዓለም ሪከርድ አሸነፈ። ይሄ ለሁላችንም የሚሠራ ነው ብላችሁ እንዳትሞክሩት።

በነገራችን ላይ ማረፍ ሁልጊዜ አያሸንፍም። በ2022 ሪች ስትራይክ 80 ለ 1 ሆኖ ደርቢውን ወሰደ፣ ፕሪክነስን ዘሎ አረፈ፣ ቤልሞንት ላይ ስድስተኛ ወጣ። ሶቭረንቲስ? ጆርናሊዝም ሳያርፍ ፕሪክነስን ሮጦ አሸነፈ፤ ጁን 7 ቀን ሁለቱ ቤልሞንት ላይ ተገናኙ፤ ያረፈው አሸነፈ፣ ያላረፈው ሁለተኛ ወጣ። (የዚያ ዓመት ቤልሞንት ሜዳው በግንባታ ላይ ስለነበር ሳራቶጋ ላይ፣ አጠር ብሎ ነው የተሮጠው፤ ይሄን ካልጠቀስኩ ወዳጄ ይይዘኛል።) በኦገስት ትራቨርስንም ወሰደ። ጆርናሊዝም ግን ከልቤ አይወጣም። በ35 ቀን ሦስቱንም ሮጦ አንድ አንደኛ፣ ሁለት ሁለተኛ። እሱንም ፈሪ የሚለው የለም።

ይሄን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ አንድ ማክሰኞ ሥራ ትቼ ሰሜን ሄድኩ። ሰር ባርተን የተቀበረው ለካስ እዚሁ ጎረቤታችን ዋዮሚንግ ነው! ዳግላስ የምትባል ከተማ፣ በአይ-25 ከዴንቨር ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል። ለዘር ሲሆን ብዙም ስላልተሳካለት ለአሜሪካ ጦር ሠራዊት ተሰጠ፤ የፈረሰኛ ጦር ፈረስ እንዲያስወልድ። ከዚያ አንድ የዋዮሚንግ ከብት አርቢ ጋ ገባና በ1937 በሆድ ቁርጠት ሞተ። ተራራው ስር ቀብረውት በኋላ አጥንቱን አውጥተው ከተማው መናፈሻ ውስጥ አሳረፉት። የፈረስ ሐውልት ቆሞበታል። ሄጄ አየሁት። ነፋስ ነበር፣ ማንም አልነበረም። አንዲት ሴትዮ ውሻ ይዛ አለፈችና ሰላም አለችኝ። ፎቶ አንስቼ ለአገው ምድሩ ልጅ ላክሁለት። «በአራት ቀን የሮጠው ይሄ ነው?» ብሎ ጻፈልኝ። «እሱ ነው» አልኩት። ቆይቶ «እግሩን ደህና አድርገው ሠርተውታል» አለ።

ስመለስ ቺየን ሳልደርስ ዓይኔ መክበድ ጀመረ። ስልኬ ላይ ማታ ኤርፖርት የሚጠብቀኝ ደንበኛ አለ፤ ጥሩ የሚከፍል። መንገድ ዳር ማረፊያው ጋ ወጣሁ፣ ወንበሩን ወደ ኋላ ለጠጥኩ፣ ደንበኛውን ለሌላ ልጅ አስተላለፍኩና አርባ ደቂቃ ተኛሁ።